ጡት ሲቆጣ አንድ ሐኪም አይበቃም፦ ስለ ግራኑሎማቶስ ማስታይቲስ ለወጣቶች የተዘጋጀ ትምህርት



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ የዛሬው ትምህርታችን ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ጮክ ብለን የማናነሳው ነገር ነው፤ የጡት ሕመም። ስለ ጡት ካንሰር ብዙ ሰምታችኋል። ዛሬ የምንማረው ግን ካንሰር ስላልሆነ፣ ካንሰርን ስለሚመስልና ብዙም ስለማይታወቅ አንድ በሽታ ነው። በሕክምና ስሙ ግራኑሎማቶስ ማስታይቲስ ይባላል። ወንዶችም አንብቡት። እናት አላችሁ፣ እህት አላችሁ፣ ኢንሻ አላህ ነገ ደግሞ ሚስት ትኖራችኋለች።

እኔ በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምሠራ የአማርኛ የሕክምና አስተርጓሚ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ እዚህ የጻፍኩትም የሐኪምን ምክር አይተካም። ሥራዬ የሐኪሙን ቃል ለታማሚዋ፣ የታማሚዋን ቃል ለሐኪሙ ማድረስ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ይህ በሽታ የያዛቸው ሴቶች የሚጉላሉት ሐኪም አጥተው አይደለም። አራት አምስት ሐኪም ያያሉ፤ ሐኪሞቹ ግን እርስ በርስ አይነጋገሩም። በሐኪሞቹና በእናቶቻችን መካከል ደግሞ ብዙ ጊዜ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ፤ እዚህ ያደጋችሁ፣ እንግሊዝኛው የቀለላችሁ ልጆች።

በሽታው ምንድን ነው?

ማስታይቲስ ማለት የጡት መቆጣት ነው። የተለመደውን ዓይነት ያጠባች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ወተት ይጠራቀማል፣ ጡት ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ትኩሳት ይመጣል። በአብዛኛው በትክክለኛ አጠባብ፣ ካስፈለገም በአንቲባዮቲክ፣ በቀናት ውስጥ ይሻላል።

ግራኑሎማቶስ ማስታይቲስ ግን በቀናት የሚያልፍ አይደለም። ግራኑሎማ የሚባለው የሰውነታችን ተከላካይ ሕዋሳት አንድን ነገር ከበው ለማሰር ሲሰባሰቡ የሚፈጥሩት ትንሽ ክምችት ነው። በዚህ በሽታ ክምችቶቹ በጡት ውስጥ ይበዛሉ። ጠንካራና የሚያም እብጠት ይወጣል፤ ቆዳው ይቀላል፤ መግል ይቋጥራል፤ አንዳንዴ ቆዳው በስቶ ይፈስና ቁስሉ አልደርቅ ይላል። የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሊገባም ይችላል። አንዳንዶቹ ላይ በቅልጥማቸው ፊት ለፊት ቀይና የሚያም እብጠት፣ ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር፣ አብሮ ይመጣል።

ኬስለርና ዎሎክ የተባሉ ሐኪሞች በሽታውን ለይተው የገለጹት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በብዛት የሚይዘው በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን ነው፤ ብዙዎቹን ከወለዱ ወይም ጡት ካስጣሉ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ። መነሻው እስካሁን ተለይቶ አልታወቀም። እ.ኤ.አ. በ2003 በኒውዚላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች ኮሪኔባክቴሪየም ክሮፐንስቴዲ የተባለ ባክቴሪያ ከእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ጋር አብሮ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ፕሮላክቲን የሚባለው ወተት የሚያመጣ ሆርሞን መብዛትም ከበሽታው ጋር ይያያዛል። እዚህ አሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ፣ ሲዲሲ፣ በኢንዲያና ግዛት ከ2006 እስከ 2008 በሂስፓኒክ ሴቶች ላይ ስለታየው በሽታ በ2009 ሪፖርት አውጥቷል። ስለዚህ በስደተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ መታየቱ አዲስ ነገር አይደለም።

ሦስት ነገር ያዙ። በሽታው ካንሰር አይደለም። ወደ ባልም ወደ ልጅም አይተላለፍም። የሴቲቱ ጥፋትም አይደለም፤ ንጽሕና ስለጎደላት ወይም ጡት ስላስጣለች የመጣ ቅጣት አይደለም።

"ነቀርሳ" የሚለው ቃል

አስተርጓሚ ስለሆንኩ ስለ ቃል አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአማርኛችን "የሳንባ ነቀርሳ" ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። "የጡት ነቀርሳ" ስንል ደግሞ ካንሰር ማለታችን ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት ፈጽሞ የተለያዩ በሽታዎች።

በዚህ ሕመም ላይ ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ቲቢም ግራኑሎማ ይሠራል፤ አልፎ አልፎም ጡት ውስጥ ይገባል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ከዚያ የመጣች ሴት ጡቷ ውስጥ ግራኑሎማ ሲገኝ ሐኪሙ "ቲቢ ይሆን?" ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። እናት ግን "የጡት ነቀርሳ ሊሆን ይችላል አሉ" ተብሎ ከተተረጎመላት የምትሰማው ካንሰር ነው። ስለዚህ "ቲቢ" በሉ፣ "ካንሰር" በሉ፤ ነቀርሳን ተዉት።

ትክክለኛ ጥንቃቄ የሚፈልግ ሌላ በሽታም አለ፤ ኢንፍላማቶሪ የጡት ካንሰር ይባላል። በአሜሪካ ከጡት ካንሰሮች ሁሉ ከ1 እስከ 5 በመቶ የሚሆነው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ተለይቶ የሚዳሰስ እብጠት የለውም፤ ጡቱ በሳምንታት ውስጥ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። በዓይን አይቶ ከሌላው የጡት መቆጣት መለየት አይቻልም። የሚለየው ከጡቱ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ ማለትም በባዮፕሲ ነው። አንቲባዮቲክ ወስዳ ያልተሻላት ሴት "ሌላ አንቲባዮቲክ" ብቻ ተሰጥቷት ከምትመለስ "ናሙና መቼ ይወሰዳል?" ብላ መጠየቅ አለባት።

ለምን ብዙ ሐኪም? እያንዳንዱስ ምን ይጠይቃል?

ይህ በሽታ የአንድ የሕክምና ክፍል ንብረት አይደለም። እያንዳንዱ ሐኪም የራሱን ጥያቄ ይዞ ይመጣል።

የጡት ቀዶ ሐኪም፦ "መቁረጥ ያስፈልጋል ወይስ መታገሥ?" በዚህ በሽታ ሰፊ ቀዶ ሕክምና ቁስሉ ቶሎ እንዳይደርቅ ሊያደርግ፣ የጡቱን ቅርጽ ሊያበላሽ ይችላል፤ በሽታውም ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ ቀዶ ሐኪም አንዳንዴ ቢላዋውን ያስቀምጣል።

ራዲዮሎጂስት፦ "በአልትራሳውንዱ የሚታየው መግል ነው ወይስ ጠጣር እብጠት? ናሙናውስ ከየት ይወሰድ?"

ፓቶሎጂስት፦ "በማይክሮስኮፕ የማየው ካንሰር ነው፣ ቲቢ ነው፣ ፈንገስ ነው ወይስ ሌላ?" ከላይ የጠቀስኩት ባክቴሪያ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ ላቦራቶሪው ካልተነገረው ሊያመልጠው ይችላል። ናሙናውን የላከው ሐኪም "ይህን ፈልጉልኝ፣ ጊዜም ስጡት" ማለት አለበት።

የተላላፊ በሽታ ሐኪም፦ "ቲቢ አለ ወይስ የለም? የትኛው አንቲባዮቲክ፣ ለምን ያህል ጊዜ?"

የሩማቶሎጂ ሐኪም፦ "የሰውነት መከላከያው ራሱን እየወጋ ከሆነ በምን እናብርደው?" በቅልጥም ላይ የወጣውን እብጠትና የመገጣጠሚያ ሕመሙን ከጡቱ ጋር የሚያገናኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

የቤተሰብ ሐኪምና አስተባባሪ ነርስ፦ "ይህን ሁሉ የያዘ አንድ ዕቅድ የት አለ?"

የመጨረሻውን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ሌሎቹ አምስት መልሶች አይገናኙም። መመካከር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ በጡት ካንሰር ላይ የተሠራ ጥናት ያሳያል። በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በቡድን ተቀምጠው መወሰን ጀመሩ። በ2012 የወጣው ጥናት 13,722 ሴቶችን አነጻጽሮ፣ በቡድን በታከሙት ዘንድ በጡት ካንሰር የመሞት መጠን በ18 በመቶ ዝቅ ብሎ አገኘ። የእኛ በሽታ ካንሰር ባይሆንም ሐኪሞቹ አብረው የመቀመጣቸው ጥቅም ያው ነው።

አንድ ቤተሰብ

ቀጥሎ ያለውን ታሪክ እንድጠቀምበት ቤተሰቡ ፈቅዶልኛል፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጫለሁ።

ስካይላይን አካባቢ የምትኖር እህታችን ናት። የመጨረሻ ልጇን ጡት ካስጣለች ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ቀኝ ጡቷ ላይ እብጠት ወጣ። አንድ ክሊኒክ አንቲባዮቲክ ሰጣት። አልተሻላትም፤ ሌላ ክሊኒክ ሌላ አንቲባዮቲክ ሰጣት። ከዚያ ድንገተኛ ክፍል ሄዳ መግሉ ተቀዶ ወጣላት። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ በሌላ ቦታ፣ ሜሪላንድ እህቷ ዘንድ ሰንብታ ሳለ፣ እንደገና ተቀደደ። ቁስሉ አልዘጋ አለ። በዚሁ መሐል ቅልጥሟ ላይ ቀያይ እብጠቶች ወጡ፤ ጉልበቷም እያመማት ሶላት ወንበር ላይ ተቀምጣ መስገድ ጀመረች። ለእግሯ የሄደችበት ቦታ ስለ ጡቷ አልጠየቃትም። እሷም አፍራ አልተናገረችም። ለሥራ ብላ የሰጠችው የቲቢ የደም ምርመራ ፖዘቲቭ እንደነበር ደግሞ አንዱም የጡት ሐኪም አያውቅም ነበር።

ሦስት ጊዜ ያስተረጎመችላት የ16 ዓመት ልጇ ናት። አንድ ጊዜ ሐኪሙ "ካንሰር አለመሆኑን ማረጋገጥ አለብን" ሲል ልጅቷ ለእናቷ "ቁስሉን ማየት ይፈልጋሉ" ብቻ አለቻት። እናቷ እንዳትደነግጥ ነው። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ውጤቱ በስልኳ መጣ፤ ትምህርት ቤት ሆና ከፈተችው። "ግራኑሎማ" እና "ካንሰር" የሚሉትን ቃላት አንድ ገጽ ላይ አይታ ቀኑን ሙሉ ተንቀጠቀጠች። ዓረፍተ ነገሩ "ካንሰር አልተገኘም" ነበር የሚለው።

መንገዱን የቀየረው አዲስ መድኃኒት አይደለም። አንዲት ነርስ ከአምስቱም ቦታ ወረቀቱን ሰብስባ ሐኪሞቹን አገናኘቻቸው። ያኔ ፓቶሎጂስቱ የቲቢና የፈንገስ ምርመራ ጨመረ፤ ጡቷ ውስጥ ቲቢ አልተገኘም። የደም ምርመራዋ የሚያሳየው የተኛ ቲቢ ነበር፤ የተኛ ቲቢ ማለት ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ኖሮ ሰውየውን ያላሳመመ፣ ወደ ሌላም የማይተላለፍ ማለት ነው። ነገር ግን ሰውነትን የሚያበርዱ መድኃኒቶች ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። የተኛ ቲቢን ለማከም ከሚሰጡት አንዱ ሪፋምፒን ነው፤ ሪፋምፒን ደግሞ ፕሬድኒሶን የሚባለውን ስቴሮይድ በሰውነት ውስጥ ቶሎ እንዲጠፋ ያደርጋል፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልንም ያዳክማል። የቲቢው ሐኪምና የሩማቶሎጂው ሐኪም ባይነጋገሩ ኖሮ አንዱ የሚሰጠውን ሌላው ያፈርሰው ነበር። ተነጋግረው ቅደም ተከተሉን ወሰኑ። አንድ ገጽ ዕቅድ ተጻፈ፤ በአማርኛ አነበብኩላት። ቁስሉ ከአሥር ወር በኋላ ዘጋ። አንድ ጊዜ ትንሽ ተመለሰባት፤ ያኔ ግን ማን ጋ እንደምትደውል ታውቅ ነበር።

ሕክምናውና ጥንቃቄው

ለሁሉም የሚሆን አንድ ሕክምና የለም። ቀላል የሆነው በክትትል ብቻ፣ በወራት ወይም እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ሌላው በአንቲባዮቲክ፣ በስቴሮይድ እንክብል ወይም እብጠቱ ውስጥ በሚወጋ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም በሜቶትሬክሴት ይታከማል። መድኃኒት ቤት ውስጥ ልትጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ስለ ቲቢ፣ ስለ ሄፓታይተስ ቢና ስትሮንጂሎይደስ ስለሚባለው የአንጀት ትል ጠይቁ። ሦስቱም በአገራችን ያሉ ናቸው፤ ስቴሮይድ ሊያባብሳቸው ይችላል። እዚህ የተማረ ሐኪም ታማሚዋ የት እንዳደገች ካልተነገረው ላያስባቸው ይችላል።

ስቴሮይድ ለሳምንታት ከተወሰደ በኋላ በድንገት አይቆምም፤ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። የደም ስኳርንም ከፍ ያደርጋል።

ሜቶትሬክሴት ለዚህ ዓይነት ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ ከተወሰደ ሊገድል ይችላል። ቀኑን ጻፉላት፤ "ሐሙስ ብቻ" ብላችሁ ሳጥኑ ላይ ለጥፉ። እርጉዝ የሆነች፣ ለማርገዝ ያሰበች ወይም የምታጠባ ሴት አትወስደውም። ስለዚህ ሐኪሙ "ልጅ አስባችኋል?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ሕክምናውን ይወስናል፤ ጥያቄው ለነገር አይደለም።

ረመዳን ከመግባቱ ከአንድ ወር በፊት ስለ ጾም ሐኪሙንም ዓሊሙንም አነጋግሩ። አላህ ለታመመ ሰው ማፍጠርን ፈቅዶለታል፤ ያ ፈቃድ የደካማ ሰው ማምለጫ ሳይሆን የእሱ እዝነት ነው። እናት ለማንም ሳትናገር እንክብሏን እየዘለለች ብትጾም የሐኪሞቹ ዕቅድ ይፈርሳል።

የእናንተ ድርሻ

አንደኛ፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና ሕግ አንቀጽ 1557፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የጤና ተቋም በነጻ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም መደረግ የለበትም። "አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን፤ ሴት ብትሆን ደስ ይለናል" በሉ። ከዚያ እናንተ ልጅ ሆናችሁ እጇን ያዙ።

ሁለተኛ፣ ውጤቱን ብቻችሁን አትክፈቱ። ከ2021 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ደንብ ውጤት ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ከመደወሉ በፊት ስልክ ላይ ይደርሳል። ከእናታችሁ ጋር ተቀመጡ፤ ያልገባችሁን ጻፉና ለነርሷ ላኩ። ውጤቱ የእሷ ነው፤ ማወቅም አለማወቅም የእሷ ምርጫ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ወረቀት ያዙ። ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ መንገዱ አጭር ይመስላል፤ ግን ሁለት ግዛት ነው። የቨርጂኒያ ሜዲኬይድ በአብዛኛው ሜሪላንድ ውስጥ ለሚደረግ መደበኛ ሕክምና አይከፍልም፤ የአንዱ ሆስፒታል መዝገብም ሌላው ዘንድ ላይታይ ይችላል። እብጠቱ የጀመረበት ቀን፣ የተወሰዱ መድኃኒቶች ከነቀናቸው፣ የናሙናው ውጤት፣ የቲቢ ምርመራ፣ ከጡት ውጭ ያለ ሕመም ሁሉ፤ ይህ አንድ ገጽ ከብዙ ቀጠሮ ይሻላል። እናቶቻችን አገር ቤት የራጅ ፊልማቸውን በፌስታል ይዘው ይዞሩ ነበር፤ አትሳቁባቸው፣ ትክክል ነበሩ።

አራተኛ፣ ይህን ጥያቄ ጠይቁ፦ "ዕቅዱን የያዘው ማን ነው? ሐኪሞቹስ ተነጋግረዋል?"

ስለ ሐያእ

ሐያእ ከኢማን ነው፤ ሕመምን ደብቆ መሰንበት ግን ሐያእ አይደለም። ሴት ሐኪም መጠየቅ ይቻላል። ካልተገኘች ሌላ ሴት ሠራተኛ አብራ እንድትቆምና የሚመረመረው ክፍል ብቻ እንዲገለጥ መጠየቅ ይቻላል። ዑለማዎችም ለሕክምና አስፈላጊ በሆነ መጠን ይህን ፈቅደዋል። "የሰው ዓይን ነው" የሚሉ ዘመዶች ካሉ አትከራከሯቸው፤ ሩቅያ ይቀራላት፣ ዱዓም ይደረግላት፣ ቀጠሮዋም አይቅር። ክፍት ቁስል ላይ ግን ማርም ሆነ ጥቁር አዝሙድ ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግ።

ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት፣ በሰዓታት ውስጥ የሚሰፋ ቅላት ወይም ራስን መሳት ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ለውይይት

1. ሐኪም የተናገረውን ከባድ ቃል ለእናታችሁ ያለሰለሳችሁበት ጊዜ ነበር? ማን ቢያስተረጉም ይሻል ነበር?
2. "ነቀርሳ"ን የመሰለ፣ ሁለት ትርጉም ይዞ የሚያደናግር ሌላ ቃል ታውቃላችሁ?
3. ዛሬ ማታ ለእናታችሁ የአንድ ገጽ የጤና ወረቀት ብታዘጋጁ ምን ምን ትጽፋላችሁ? የማታውቁትን ራሷን ጠይቋት።
4. አንዲት እህታችን ለወራት ብትታመም ማኅበራችን በመኪና፣ በምግብ፣ ልጅ በመያዝ ምን ሊያደርግ ይችላል?

አላህ ለታመሙት እህቶቻችን ሙሉ ሺፋ ይስጥልን፤ ለሚያስታምሙትም ትዕግሥት ይስጣቸው።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።